ስለ አደይ አበባ ታሪክ አጭር ምርመራ

የታሪክ ተማሪ ስለ አንድ የሜዳ አበባ ሊጽፍ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ምስክርህ ማን ነው?» የሚል ነው። ለንጉሥ ዜና መዋዕል አለው፤ ለጻድቅ ገድል፣ ለርስትም መዝገብ አለው። ለአበባ ግን ጸሐፊ ተሹሞለት አያውቅም። ይህም ሆኖ ስለ አደይ አበባ ታሪክ ለመናገር የሚያስችል ማስረጃ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ማስረጃው በዘመን አቆጣጠራችን፣ ሕዝቡ ባወጣው ስም፣ በኤውሮፓ ቤተ መዘክሮች በወረቀት ላይ ተጣብቀው በተቀመጡ የደረቁ ዕፀዋት፣ ከሁሉም ይልቅ በመሬታችን አያያዝ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ምስክሮች አንድ ላይ አቅርቦ መጠየቅ ነው። የጸሐፊው አሳብ ከወዲሁ ቢገለጽ ይሻላል፤ አደይ አበባ ከማረሻና ከማጭድ ጋር አብሮ የኖረ፣ የሰው ሥራ በከፈተለት ሜዳ ላይ የተስፋፋ ተክል ነው። ከሰው እጅ ርቆ በተራራ ላይ ብቻውን የሚኖር አበባ አድርገው የሚገልጹት ሰዎች ታሪኩን ግማሹን ይተዉታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ወሮቹ ግን የኤውሮፓ ስማቸው ካልተጠራ በቀር የእኛው ናቸው።

አደይ አበባ ዓመታዊ ተክል ነው፤ ይኸውም ከዘር በቅሎ፣ አብቦና ዘር ሰጥቶ በዚያው ዓመት የሚሞት ነው። በእውነቱ ዕድሜው ዓመትም አይሞላም። ክረምቱ ሲገባ ይበቅላል፤ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብ ውስጥ በቅጠል ብቻ ያሳልፋል፤ በመስከረም ይፈካል፤ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩ ደርቆ ይረግፋል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ በአፈር ውስጥ ከተኛው ዘር በቀር ተክሉ በምድር ላይ የለም። ከመሬት በታች ቆይቶ እንደገና የሚያቈጠቍጥ ሥር የለውም። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ ስለ መሬት ስንናገር ይመለሳልና።

የሚበቅለው በደጋና በወይና ደጋ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ገላጣ ስፍራ ነው። በተራራ ወገብ፣ በሣር መካከል፣ በእርሻ ድንበር፣ በመንገድ ዳር፣ ጦም ባደረ መሬት ይታያል። ጥላ አይወድም። እኛ አንድ አበባ የምንለውም የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ በዙሪያው የተዘረጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ያህል የሚሆኑት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ሲሆኑ፣ በመካከል ያለው ክብ ደግሞ ደቃቅ አበቦች ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። ከዚህም የተነሣ አደይ የሱፍ፣ የኑግና የጨጎጎት ዘመድ መሆኑ ይታወቃል። ጨጎጎት በልብስ ላይ እየተጣበቀ መንገደኛውን የሚያስቸግረው መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ይህ ዘመድ ግን ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው። አደይ የአገር ልጅ ነው።

ሕዝቡ «አደይ» ሲል አንድ ዝርያ ብቻ ማለቱ አይደለም። የዕፀዋት ሊቃውንት ቢደንስ ብለው በሰየሙት ነገድ ውስጥ ብዙ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነርሱም ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ቢደንስ ፓኪሎማና ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ የተባሉት ዓመታዊ ዝርያዎች በየስፍራው በዚሁ በአደይ ስም ይጠራሉ። ከዚህም ሌላ በእርሻ መካከል በዚያው ወራት ቢጫ ሆኖ የሚታየውን መጭን አደይ ነው የሚሉ ከተሜዎች ብዙ ናቸው። መጭ የኑግ ወንድም ነው እንጂ አደይ አይደለም፤ ገበሬ ግን አይሳሳትም። ለታሪክ ተማሪዎች የሚያስደስት አንድ ነገር እዚህ ላይ ቢጠቀስ አይከፋም፤ ኑግና መጭ ያሉበት ነገድ ጊዞቲያ የሚል የሳይንስ ስም ያገኘው በ1829 ሲሆን፣ ስሙም የተወሰደው ከፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው ከፍራንሷ ጊዞ ነው። ሰውየው የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም።

በትግርኛ አደይ አበባ «ገልገለ መስቀል» ይባላል። በኦሮምኛ «ኬሎ» ነው። ትግርኛው በዓሉን በግልጽ ይጠራል፤ አማርኛውና ኦሮምኛው ግን በዓል ሳይጠሩ በራሳቸው የቆሙ ስሞች ናቸው። ይህን ልዩነት ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው አይገባም። ክርስቲያኑ ከመስቀል ደመራ ላይ አደይ አበባ ያስራል፤ በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ሲነቅሉ ከአደይ ጋር ይጎነጉኑታል፤ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ በሚከበረው ኢሬቻ ላይ እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ ይወጣል። የተለያየ ሥርዓትና የተለያየ ጸሎት ያላቸው በዓላት በአንድ ወቅትና በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሁሉንም የሚያገናኛቸው የዝናቡ ማለፍ፣ የወንዙ መጉደልና የሩቅ ዘመድ መንገድ መከፈት ነው። ስለዚህ ለአበባው የሚሰጠው ክብር ከአንዱ በዓል ወደ ሌላው ተላለፈ ብሎ ከመከራከር ይልቅ፣ የክረምቱን መውጣት ያበሠረ ምልክት በመሆኑ ሁሉም ለየራሱ ወሰደው ቢባል ለእውነት የሚቀርብ ይመስለናል።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠሩ እንግባ። ብዙ ሰው አደይ አበባ መስከረም አንድ ቀን ተቀጣጥሮ የሚፈነዳ ይመስለዋል። ሆኖም አበባው የሚከተለው ፀሐይንና ዝናብን ነው፤ የእኛ አቆጣጠር ግን ከፀሐይ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ በመቶኛው ዓመት የሚቀነስ ቀን የለም። በ1582 ኤውሮፓውያን ያስተካከሉት አቆጣጠር በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ሦስት ቀን ስለሚቀንስ፣ የእኛ መስከረም በዚያው ልክ ወደ ኋለኞቹ የመስከረም፣ ማለትም የሴፕቴምበር፣ ቀኖች እያዘገመ ሄዷል።

ነገሩ በቁጥር ሲገለጽ እንዲህ ነው። ዛሬ መስከረም 17 ቀን በአብዛኞቹ ዓመታት ሴፕቴምበር 27 ላይ ይውላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሴፕቴምበር 26 ላይ ይውል ነበር። የኤውሮፓውያኑን የተስተካከለ አቆጣጠር ወደ ኋላ ዘርግተን ብንቆጥር፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡበት በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የመስቀል በዓል ሴፕቴምበር 23 ላይ፣ ዘመን መለወጫም ሴፕቴምበር 7 ላይ ይውል ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ክርስትና በአክሱም ቤተ መንግሥት በገባበት ጊዜ፣ መስከረም 17 ቀን ከሴፕቴምበር 15 ጋር ይገጥም ነበር። ከ2100 በኋላ ደግሞ በአንድ ቀን ተገፍቶ ሴፕቴምበር 28 ይሆናል።

ከዚህ ምን እንማራለን? የክረምቱ አወጣጥ እንደ ዛሬው ነበር ብለን ብንነሣ፣ በአክሱም ዘመን መስከረም 17 ቀን ዛሬ የመስከረምን አምስተኛ ቀን የምንለው ወቅት ነበረ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን አደይ በብዙ ስፍራ ገና መጀመሩ ነው። የዘመን መለወጫማ በዚያን ጊዜ ጭልጥ ባለ ክረምት ውስጥ ይገኝ ነበር። እንግዲህ በዓሉና አበባው ዛሬ እንደምናየው ተቃቅፈው የተገኙት በአንድ ቀን አይደለም፤ በዓሉ ቀስ በቀስ ወደ አበባው ሙሉ መፍካት ቀርቦለታል። ዝናቡ በየዘመኑ አንድ ዓይነት እንዳልነበረ የታወቀ ስለሆነ ይህን ስሌት እንደ ሰዓት ቈጥሮ መናገር አይቻልም። ቢሆንም «ከጥንት ጀምሮ አበባው የዘመን መለወጫን ዕለት ጠብቆ ይፈነዳል» የሚለው አነጋገር በቁጥር ፊት አይጸናም።

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ስለ አደይ አበባ የሚጽፉ ሰዎች ማኅሌተ ጽጌን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የአርባ ቀን ወቅት ነው፤ ማኅሌተ ጽጌም በአባ ጽጌ ብርሃን ስም የሚታወቅ ድርሰት ነው። በድርሰቱ ውስጥ ያለው አበባ ግን ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በነቢዩ ኢሳይያስ ከተነገረው ትንቢት የመጣ ምሳሌ ሲሆን፣ ስሙም ጽጌ ነው። የሜዳውን አደይ ብቻ ያመለክታል ማለት ምስጢሩን ማጥበብ ይሆናል። በሌላ በኩል ግን አርባው ቀን የደጋው ሜዳ ሁሉ አበባ የሚለብስበትና ቀስ በቀስ ወደ ዘር የሚለወጥበት ወራት ነው። ወቅቱን የመደቡት አባቶች ከደጅ ወጥተው ሜዳውን አላዩም ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለንም።

ስለ አበባው በሳይንስ መልክ የተጻፈው ታሪክ የሚጀምረው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በ1837 ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ዓድዋ ደረሰ። የላከው በኤስሊንገን ከተማ የነበረ ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ የሚባል ማኅበር ሲሆን፣ የማኅበሩ አሠራር በዛሬ ዓይን የሚያስገርም ነው። አባሎቹ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ተጓዡ የሰበሰባቸው የደረቁ ዕፀዋት ሲመጡ ደግሞ እንደ አክሲዮን ትርፍ ይከፋፈሏቸዋል። ስለዚህ ሺምፐር አንድን ተክል አንድ ጊዜ ብቻ ነቅሎ አይተወውም፤ ለብዙ አባሎች እንዲዳረስ ከአንድ ስፍራ ብዙ ቅጂ ያደርቅ ነበር። ከዓድዋ አካባቢና ከሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው በታተመ ምልክት ወረቀት እየታጀቡ በኤውሮፓ ከተሞች ተበተኑ።

ሺምፐር ለመመለስ አልቸኮለም። ደጃዝማች ውቤ የእንትጮን አገር ሾሙት፤ አገር ቤት አግብቶ ወለደ። ደጃዝማች ውቤ በ1855 ደረስጌ ላይ ድል ሲሆኑ ሹመቱን አጣ፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋርም እስከ መቅደላ ደርሶ በ1868 እንግሊዞች ሲመጡ በዚያ ተገኘ። በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ስለ ዓድዋ አካባቢ ዕፀዋት በጀርመንኛ የጻፈው የእጅ ጽሑፍ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። አርባ ዓመት ያህል በአንድ አገር ተቀምጦ አበቦቿን የሰበሰበ ሰው ከአገሩ ሰዎች ምን ያህል እንደ ተማረ መገመት አያዳግትም፤ ተራራውን የመሩት፣ ሸክሙን የተሸከሙት፣ ስሙን የነገሩት ሰዎች ግን በዚያ በታተመው ምልክት ላይ አይታዩም።

በዚያው ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት የላከው ቡድንም መጥቶ ነበር። ከቡድኑ ውስጥ ዕፀዋት ይሰበስቡ የነበሩት ሁለቱ ሐኪሞች ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ካርተን ዲዮን በ1840 በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሲሞት፣ ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደርሶ፣ አሺል ሪሻር የተባለው ሊቅ ከ1847 እስከ 1851 ባለው ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ መሠረት ሆነ።

አበባውን የሰየሙት ሰዎች አበባውን ሜዳ ላይ ያላዩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ካርል ሃይንሪኽ ሹልትዝ፣ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ የነበረ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ከሌሎች ሹልትዞች ለመለየት በትውልድ ከተማው ስም ቢፖንቲኑስ ይባላል። ከሺምፐር የመጡትን የደረቁ አበቦች በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እየመረመረ ለማክሮፕቴራም ለፕሬስቲናሪያም ስም አወጣ። ማክሮፕቴራ በግሪክ «ትልቅ ክንፍ ያለው» ማለት ነው፤ ይህም ዘሩ በጎንና በጎኑ ቀጭን ክንፍ ስላለው ነው። ፓኪሎማ የተባለውን ደግሞ በ1877 በለንደን ኦሊቨርና ሂየርን የሚባሉ ሊቃውንት ገለጹት።

ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የቆየው ክርክር ስለ ነገዱ ነበር። አደይ ኮሬኦፕሲስ ነው ወይስ ቢደንስ? ቢደንስ በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ የጨጎጎት ዘር በልብስ ላይ የሚነክስባቸውን ሾህ መሰል ጫፎች ያመለክታል። ኮሬኦፕሲስ የሚባሉት ደግሞ ዘራቸው ክንፍ ያለውና የማይነክስ ነው። አሜሪካ ላይ ለተሠራው ምደባ ይህ ልዩነት ያገለግል ነበር። የአፍሪካዎቹ ግን ግማሹ ክንፍ፣ ግማሹ ጥርስ፣ አንዳንዱም ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሆኖ አስቸገረ። ስለዚህ አበባችን በመጻሕፍት ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር ኖረ። ኦስትሪያዊው ኩፎዶንቲስ ከ1953 እስከ 1972 በብራስልስ ባሳተመው የኢትዮጵያ ዕፀዋት ዝርዝር ፓኪሎማንና ፕሬስቲናሪያን ቢደንስ አላቸው።

ጉዳዩን በሙሉ የመረመረው ኢትዮጵያዊ ነው። መስፍን ታደሰ በ1984 በስዊድን በኡፕሳላ በታተመው ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ቢደንሶች በጻፈው ጥናት ማክሮፕቴራን ወደ ቢደንስ አዛወረው፤ በቀጠሉት ዓመታትም የቀሩትን የአፍሪካ ኮሬኦፕሲሶች ጉዳይ ተመለከተ። በ1980 ተጀምሮ በ2009 በተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥም በ2004 የወጣውን የዚህን ቤተሰብ ክፍል ያዘጋጀው እርሱ ነው። ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው አበባ በትክክለኛ ነገዱ የተጻፈው ሺምፐር ዓድዋ ከደረሰ ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ሊቁ ሊያያቸው የሚገቡት የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በፓሪስ፣ በለንደን፣ በፍሎረንስና በሌሎችም ከተሞች ነበሩና። በርሊን ደግሞ በማርች 1943 በአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ የዕፀዋቱ ቤተ መዘክር ሲቃጠል ከአፍሪካ የመጡ እጅግ ብዙ ናሙናዎች አመድ ሆኑ። ያ የኤስሊንገን ማኅበር ለትርፍ ክፍያ ሲል ቅጂ ባያበዛ ኖሮ ጉዳቱ የባሰ ይሆን ነበር።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ወረቀት ነው። አበባው ራሱ የሚኖረው በመሬት ላይ ስለሆነ ዋናው ምስክር መሬቱ ነው።

የደጋው ምድር ገላጣ የሆነው መቼ ነው? በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወሎ ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ሥር የተወሰደውን ደለል መርምሮ፣ በውስጡ የቀረውን የአበባ ዱቄት ቈጥሯል። እንደ ጥናቱ ውጤት በዚያ አገር የዝግባና የጥድ ጫካ የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት አምስት መቶ ዓመት ገደማ ነው። ከዚያም ለብዙ መቶ ዓመታት አገሩ ገላጣና ቁጥቋጦ ሆኖ ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥዱ እንደገና ተስፋፋ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጫካው ተመልሶ ጠፋ። የአደይ ቤተሰብ የአበባ ዱቄት እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል ደለሉ «ይህ አደይ ነው» ብሎ አይመሰክርም። አገሩ ገላጣ በነበረበት ዘመን ግን ገላጣ የሚወድ ተክል ቦታ እንዳገኘ ግልጽ ነው። ከሰው በፊትም ቢሆን በገደል አፋፍ፣ በደንጊያማ ቍልቍለት፣ እሳት ባለፈበት ሣር ላይ ይኖር እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ያን ጠባብ ስፍራ ወደ ሰፊ ሜዳ የለወጠለት የገበሬው መጥረቢያና ማረሻ ነው።

የአገራችንን የእርሻ ልማድ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። በወሰንና በወሰን መካከል የሚተው ድንበር አይታረስም፤ አደይ በዚያ ዘሩን ይጥላል። መሬት ሲደክም ጦም ያድራል፤ በመጀመሪያው ክረምት ከሚወርሱት መካከል አደይ አለበት። ክልክል ሣር በክረምት ከብት አይገባበትም፤ የሚታጨደውም ሣሩ ሲደርስ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ማጭዱ ሲደርስ የአደይ ዘር አብዛኛው ረግፎ አልቋል። አንድ ዓመት ዘሩ ሳይረግፍ ቢታጨድ ወይም ቢጋጥ፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ካለው ትርፍ በቀር የሚተካው የለም፤ ከላይ እንዳልነው የሚያቈጠቍጥ ሥር የለውምና። ስለዚህ የሣሩ ሕግ፣ ማንም ለአበባው ብሎ ሳያወጣው፣ የአበባው ሕግ ሆኖ ኖሯል።

ገበሬው አበባውን ይወደዋል ማለት ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በጤፍና በስንዴ መካከል የበቀለ አደይ አረም ነው። በነሐሴ እርሻ ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትነቅለው ሴት በመስከረም ለልጇ እርሱኑ ትቀጥፍለታለች። ከንብ ጋር ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አደይና መጭ የደጋ ንብ ዋና ቀለብ ናቸው፤ የዓመቱ ትልቁ የማር ቆረጣ ከእነርሱ ማበብ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይሆናል። በገባር ዘመን ማር በጉንዶ እየተሰፈረ ለባለ ጉልት ይገባ እንደ ነበር እናውቃለን። እንግዲህ አበባው በመዝገብ አልተጻፈም ያልነው በስሙ ነው እንጂ፣ በማር መልክ ከግብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የማር ግብርን መዝገቦች የሚመረምር ተማሪ ሳያስበው የአደይን አዝመራ ይቈጥራል።

ስለ አዲስ አበባ ከተማ ስም አንድ ቃል እንጨምር። ከተማዋ በ1886 ከእንጦጦ ግርጌ ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱ ያወጡላት ስም ስለየትኛው አበባ እንደሆነ ስሙ ራሱ አይናገርም፤ አደይ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላም የሚሉ አሉ። የማያከራክረው ግን ከተማዋ በተቈረቈረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1890ዎቹ፣ ባሕር ዛፍ ገብቶ የእንጦጦን ጎን ማልበሱ ነው። ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና ማገር ሆኖ አድኗታል፤ ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ነገር ግን በሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም፤ አደይም ከዚያ ወጣ። ዛሬ በመስከረም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚሸጠው አደይ ከከተማ ውጭ ተቀጥፎ የሚመጣ ነው።

በገጠርም ቢሆን መሬቱ እየተለወጠ ነው። በ1984 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረ፤ በ2007 ኤርትራ ሳትጨመር ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። እርሻ ሲጠብ በመጀመሪያ የሚቀረው ጦም ማደር ነው፤ ቀጥሎ ድንበሩ ይታረሳል፤ ከዚያም ክልክሉ ሣር ለእርሻ ይገባል። ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ገድሎ ሣር መሰሉን እህል የሚተው ቱ ፎር ዲ የሚባል መድኃኒትም በጤፍና በስንዴ እርሻ ላይ ይረጫል፤ በጀርባዋ ጎንበስ ብላ ታርም የነበረችውን ሴት ከድካም ያሳርፋታል፣ ለዚህ አበባ ግን ከእጅ አረማ የከፋ ነው። በ2019 የተጀመረው ሰፊ የችግኝ ተከላም በብዙ ስፍራ የተራቈተ ኮረብታ የሚያለብስ መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ገላጣ ሁሉ የተራቈተ አይደለም፤ ከጥንት ሜዳ ሆኖ የኖረ ሜዳ አለ። ችግኝ ተካዮች ሁለቱን የሚለዩበት ማስረጃ ከታሪክ ተማሪ ሊፈልጉ ይገባቸዋል ብለን እናምናለን።

አደይ ነገ ይጠፋል ማለታችን አይደለም። ገደል አይታረስም፤ የመንገድ ዳርም ገና ሰፊ ነው። የሚያሳስበን አበባውና በዓሉ የሚለያዩበት ጊዜ ነው፤ ደመራው በየከተማው እየቆመ፣ አበባው ግን የአንድ ቀን መንገድ ተጉዞ የሚገዛ ዕቃ ሲሆን ማለት ነው። በአንዳንድ ስፍራ ይህ ጊዜ ደርሷል።

ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ ባልንጀሮቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ በአገራቸው የሚቆዩ ሁሉ የመጀመሪያው አደይ የፈካበትን ቀንና የስፍራውን ከፍታ ቢጽፉ፣ አንድ ተክልም ከነሥሩ በጋዜጣ መካከል አድርቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር ቢሰጡ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዓሉንና አበባውን በቁጥር ማነጻጸር ይቻላል። ከናሙናው ጋር በሚያያዘው ወረቀት ላይ ግን ከቀኑ፣ ከስፍራውና ከከፍታው ሌላ አንድ መሥመር እንዲጨመር እንለምናለን። እርሱም አበባው የተነቀለበት መሬት ባለፈው ዓመት ምን እንደ ነበረ የሚገልጽ ነው፤ እርሻ፣ ጦም ያደረ፣ ክልክል ሣር፣ ድንበር ወይስ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር።